ቫልቩ ተከፍቶ ዎርቱ የማይወርደው ለምንድን ነው?

ቢራን ከታሸገ የብቅል ሽሮፕ ሳይሆን ከራሱ ከብቅሉ ለሚጠምቅ ሰው፣ ከሥራው ሁሉ አስጨናቂዋ ሰዓት የማጥለሏ ሰዓት ናት። ብቅሉ ለአንድ ሰዓት ያህል በ66 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቅ ውኃ ተዘፍዝፏል፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጧል። አሁን ጠማቂዎች ዎርት የሚሉት ጣፋጭ ፈሳሽ ከእህሉ ተለይቶ ወደ መቀቀያው ድስት መውረድ አለበት። በእህሉ ውስጥ የቀረውንም ስኳር ተጨማሪ ሙቅ ውኃ እያፈሰሱ አጥቦ ማውረድ ያስፈልጋል። ቫልቩ ይከፈታል። መጀመሪያ ደህና ይወርዳል፤ ቀጥሎ ይቀጥናል፤ ከዚያ ጠብ ጠብ ይልና ቀጥ ይላል። ከላይ ድፍድፉ ፈሳሽ እንደ ሞላ ነው፤ ከታች ግን ጠብታ የለም።

ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚወሰኑት ቫልቩ ከመነካቱ ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጊዮርጊስ ቢራ ከተቋቋመበት ጊዜ አንስቶ፣ የፋብሪካ ቢራ ስትጠጣ ኖራለች፤ ጠላውማ ከከተማዋም ዕድሜ ይበልጣል። በልደታ ኮንዶሚኒየም ወይም በአራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ቢራ ልጥመቅ ብሎ የሚነሣ ሰው የሚያነብባቸው መመሪያዎች ግን ለሌላ አገር የተጻፉ ናቸው። ብቅሉ በሮለር ወፍጮ፣ ማለትም ፍሬውን በሁለት ብረት መካከል በሚጨምቅ ወፍጮ፣ እንደ ተሸረከተ፣ ውኃውም በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አድርገው ይነሣሉ። እኛ ዘንድ ብቅሉ የሚሄደው ወደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ውኃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱም ልዩነቶች ዎርቱ መውረድ አለመውረዱን በቀጥታ ይነካሉ።

ማጣሪያው እህሉ ራሱ ነው

ከድፍድፉ ዕቃ ሥር የምናስቀምጠው ቀዳዳ ያለው ወለል ዎርቱን የሚያጠራ ይመስለናል። አያጠራም። የእሱ ሥራ እህሉን ከፍ አድርጎ መያዝና ፈሳሹ የሚሰበሰብበትን ክፍተት መፍጠር ብቻ ነው። የሚያጠራው የገብሱ ገለባ ነው። ገለባ ስኳር አይሰጥም፣ አይሟሟም፤ ሙቅ ውኃ ውስጥም ቅርፁን ይዞ ይቆያል። እጅግ ብዙ ባዶ ገለባ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሲነጠፍ በመካከሉ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ይቀራሉ። ዎርቱ በእነዚያ ይወርዳል፤ ዱቄቱና የፕሮቲን ዝቃጩ እዚያው ይያዛል። ገብስ የቢራ እህል ሆኖ የዘለቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሲወቃ እንኳ ገለባው ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ገለባው ከተፈጨ ንጣፉ ሊጥ ይሆናል። ገለባው ሙሉ ሆኖ መተላለፊያው በሙጫ ነገር ከተደፈነም ውጤቱ ያው ነው። ገለባው ሙሉ፣ መተላለፊያው ክፍት ሆኖ እኛው በችኮላ ጨፍልቀን ከዘጋነውም እንዲሁ።

ወፍጮ ቤቱ

በእኔ አስተያየት ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው፤ የተቀረው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ በዱቄት ማጥለል አይቻልም።

የጠላ ብቅል ደቅቆ ነው የሚፈጨው። ለጠላ ትክክል ነው፤ ብቅሉ ከጌሾውና ከአሻሮው ጋር ድፍድፉ ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ ይዘቅጣል፣ የጠራው ከላይ ይቀዳል። ጊዜ አለው። ቢራ ላይ ግን ፈሳሹ በአንድ ሰዓት ገደማ፣ ትኩስ እያለ፣ በእህሉ መሀል አልፎ መውረድ አለበት። ስለዚህ ወፍጮ ቤት ሄዶ «ብቅል ነው፣ ፍጩልኝ» ማለት አይበቃም፤ ባለ ወፍጮው ለጠላ መስሎት ያደቀዋል። መጠየቅ ያለበት ሽርክት ነው። ቅንጬ የሚሸረክት፣ ክክ የሚከካ ወፍጮ ድንጋዩን ማራራቅ ያውቅበታል፤ «ለቅንጬ እንደምትሸረክቱት፣ እንዲያውም ሻከር አድርጋችሁ» ቢባል ይገባዋል።

ሁሉንም ከማስፈጨታችሁ በፊት አንድ እፍኝ ብቻ አስፈጭታችሁ በመዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ሳይሰበር የቀረ ፍሬ ከሞላ ጎደል መኖር የለበትም። የፍሬው ውስጠኛ ክፍል ሦስት አራት ቦታ ተሰባብሮ፣ ገለባው ግን ሙሉውን ወይም ለሁለት ብቻ ተሰንጥቆ ተለይቶ መታየት አለበት። ዱቄት መኖሩ አይቀርም፤ እጅን የሚያነጣ ዱቄት ከሆነ ግን ድንጋዩ ገና ይራቅ። ከእናንተ በፊት ምን እንደ ተፈጨበትም ጠይቁ። የበርበሬና የሽሮ ወፍጮው የተለየ ካልሆነ ሽታው ቢራችሁ ውስጥ ይገባል፤ ያንን ደግሞ በምንም ማውጣት አይቻልም።

ሮለር ወፍጮ ፍሬውን በሁለት ብረት መካከል፣ አንድ ሚሊሜትር በሚያህል ክፍተት፣ ጨምቆ ያፈነዳዋል፤ ገለባው ይከፈታል እንጂ አይቆራረጥም። የድንጋይ ወፍጮ ግን ያሻል፣ ገለባውን ይቀዳድዳል። ይህን ጉዳት የሚቀንስ ቀላል ዘዴ አለ፤ ብቅሉን ከመሸረከቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እርጥበት ማስነካት። ለ5 ኪሎ ብቅል ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል ለብ ያለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየረጩ በእጅ ማገላበጥና ለአሥር ደቂቃ ያህል መተው ነው። ገለባው እርጥበቱን ወስዶ እንደ ቆዳ ይለጠጣል፤ ፍሬው ግን ደረቅ እንደ ሆነ ይቆያል። ከዚያ በላይ ውኃ አትጨምሩ፤ የረጠበ ፍሬ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ ባለ ወፍጮውም ሁለተኛ አይቀበላችሁም። እርጥበት የነካው ብቅል ስለማይቀመጥም በዚያው ቀን ጥመቁበት።

ብቅሉ ከየት ይምጣ የሚለውም ከዚህ አይለይም። ከእህል በረንዳ ወይም ከሾላ የሚገዛው የጠላ ብቅል እኩል ያልበቀለ ፍሬ ይበዛዋል፤ ሥሩም አፈሩም አብሮት ነው። በደንብ ያልበቀለ ፍሬ ከዚህ ቀጥሎ የምናየውን ሙጫ ሳይፈታ እንደ ያዘ ይቆያል። አሰላና ጎንደር ለቢራ ፋብሪካዎች ተብሎ የሚመረተው ብቅል እኩል የበቀለና የተበጠረ ስለሆነ፣ ማግኘት የሚችል ሰው እሱን ቢመርጥ የችግሩ ግማሽ ይቃለልለታል። የገበያውን የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ በእጁ አሽቶ ሥሩን ያራግፍ፣ በወንፊት ይንፋው።

ገለባ የሌላቸው እህሎች

ስንዴ ገለባ የለውም። ማሽላም የለውም። ጤፍ ገለባ የሌለው ብቻ ሳይሆን ፍሬው ራሱ ከወለሉ ቀዳዳ የሚያንስ ነው፤ ሾልኮ ይወርድና ቫልቩን ይደፍነዋል። ከገብስም ቢሆን ለቆሎ የምንወደው ሰነፍ ቆሎ ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ዓይነት ነው፤ ለቆሎ የሚያስመሰግነው ያው ባሕርይ ለማጥለል ይጎዳል። ከእነዚህ አንዱን መጨመር የሚከለክል ነገር የለም። እኔም አገርኛ እህል ያለበት ቢራ ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል። ነገር ግን የተጨመረው እህል በበዛ ቁጥር የማጣሪያው ድርሻ እያነሰ መሄዱን አስቦ ማካካስ ግድ ነው።

ማካካሻው የሩዝ ገለባ ነው። ጣዕም የለውም፣ ስኳር የለውም፣ ጠንካራ ነው። ፎገራ ሩዝ በሚፈለፈልባቸው ቦታዎች የሚተርፍ ነገር ስለሆነ ወደዚያ የሚመላለስ ነጋዴ የሚያውቅ ሰው ማስመጣት ይችላል። ግማሹ ስንዴ ለሆነ ቢራ ከእህሉ ክብደት 5 በመቶ ያህል ይበቃል፤ ለ5 ኪሎ እህል 250 ግራም መሆኑ ነው። አጃ ወይም ጤፍ ከበዛበት እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ አቧራው ይለቃል፣ በኋላም ዎርታችሁን አይመጥጥም። ካጣችሁት ገብስ ሲፈተግ የሚወጣው ገለባ፣ ተነፍቶና ታጥቦ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሙጫው ሌላ ጉዳይ ነው። በገብስና በአጃ የፍሬ ግድግዳ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ነገር አለ። የአጃ አጥሚትን የሚያለዝበውና የሚያወፍረው እሱ ነው። ለሕመምተኛ ጥሩ ነው፤ ለቫልቭ አይደለም። ብቅል በደንብ ሲበቅል አብዛኛው ይሰባበራል፤ ያልበቀለ አጃ ወይም ገብስ ሲጨመር ግን እንዳለ ይገባል። መፍትሔው ድፍድፉን በቀጥታ 66 ዲግሪ ላይ ከማስገባት ይልቅ መጀመሪያ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ላይ ለ20 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሙጫውን የሚበጣጥሰው ኢንዛይም በዚያ ሙቀት ይሠራል፤ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ብዙም አይቆይም።

ጤፍና ማሽላን በተመለከተ አንድ ነገር ይታወቅ፤ ስታርቻቸው የሚበስለው ከገብስ በላቀ ሙቀት ስለሆነ 66 ዲግሪ አይበቃቸውም። ሳይበስሉ ከገቡ ስታርቹ ስኳር ሳይሆን ጥሬ ዝቃጭ ሆኖ መተላለፊያውን ይደፍናል። አስቀድማችሁ እንደ ገንፎ አብስላችሁ አቀዝቅዙና ጨምሩ። ስታርቹ ማለቁን ለማወቅ ከድፍድፉ ጥቂት ጠብታ ነጭ ሰሃን ላይ አድርጋችሁ አዮዲን ጠብ አድርጉበት፤ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ገና ነው፣ ጠብቁ።

ከፍታው የሚያመጣው የሙቀት ስሌት

ዎርት ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ስለሆነ ማር በብርድ እንደሚወፍርና በሙቀት እንደሚቀጥን እሱም እንዲሁ ይሆናል። በዚህ ምክንያት መመሪያዎቹ ከማጥለል በፊት ድፍድፉን ከ66 ወደ 76 ዲግሪ ከፍ አድርጉት ይላሉ፤ ማድረጊያውም የፈላ ውኃ መጨመር ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ነው አዲስ አበቤው የሚሳሳተው።

አምስት ኪሎ ብቅልና 15 ሊትር ውኃ እንውሰድ። በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ ወደ 76 እስኪወርድ ድረስ የሚሰጠው 24 ዲግሪ አለው፤ በ92 የሚፈላው ግን 16 ዲግሪ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ 7 ሊትር ገደማ የሚበቃው ሥራ እኛ ጋ 11 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ተኩል እጥፍ። በመመሪያው 7 ሊትር የቆመ ሰው 76 ደረስኩ ሲል ድፍድፉ ገና 73 ወይም 74 ላይ ነው። ቀጥሎ የሚያፈስሰው የማጠቢያ ውኃም በዚያው ልክ ከቀዘቀዘ ንጣፉ እየወፈረ ይሄዳል።

11 ሊትር ደግሞ ብዙ ዕቃ አይችለውም። የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ስታርቹ ማለቁን በአዮዲን ካረጋገጣችሁ በኋላ ከድፍድፉ ከ6 እስከ 7 ሊትር ፈሳሽ በቀስታ ቅዱ፣ ምድጃ ላይ አፍሉት፣ መልሳችሁ ጨምሩና አማስሉ። ምንም ውኃ ሳይጨመር 76 ይደርሳል። ቅድመ ሁኔታውን ግን አትዝለሉት፤ የፈላው ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስለሚሞቱ ሥራቸውን መጨረሳቸው መረጋገጥ አለበት። ከ77 ወይም 78 ዲግሪ በላይ አትውጡ፤ ከዚያ በላይ ገለባው አፍን የሚያደርቅ ታኒን ይለቃል። የምትለኩት የውኃውን ብቻ ሳይሆን የእህሉን ሙቀት ይሁን።

ቴርሞሜትሩንም በዚሁ አጋጣሚ ላንሣ። በሚፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ መፈተሽ የተለመደ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ 92 ማሳየቱ ትክክለኛነቱ ነው። ወደ 100 ያስተካከለው ሰው 66 ላይ ነኝ ሲል 58 ላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስታርቹ በወጉ አይበስልም፣ ድፍድፉም ሊጥ ይሆናል።

መብራት በመካከል ሊጠፋ ይችላል። የድፍድፉን ዕቃ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ የማጠቢያውን ውኃ ቀደም ብሎ አሙቆ በፔርሙዝ መያዝ፣ ከተቻለም የጋዝ ምድጃ አጠገብ ማድረግ ያድናል። በአይስቦክስ ውስጥ ያለ ድፍድፍ መብራት እስኪመጣ ቢቆይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚያጣው፤ ስለዚህ ካልሞቀ ውኃ ጋር ከመሯሯጥ መጠበቅ ይሻላል።

ቫልቩን ጠበብ ማድረግ ለምን ያፈጥናል?

አዲስ ጠማቂዎችን ለማሳመን ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ፍሰቱ ሲቀንስ እጅ በራሱ ጊዜ ቫልቩን ወደ መክፈት ይሄዳል፤ መፍትሔው ግን መዝጋት ነው። ፈሳሹ በፍጥነት ከሥር ሲወጣ ከላይ ያለው ክብደት ንጣፉን ወደ ወለሉ ይጫነዋል። ገለባዎቹ ይቀራረባሉ፣ መተላለፊያው ይጠባል። በጠበበ ቁጥር ከላይና ከታች ያለው የግፊት ልዩነት ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ይጫናል። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ራሱን በራሱ ያባብሳል። ጠረጴዛ ላይ ካለ ዕቃ ወለል ላይ ወዳለ ድስት የተዘረጋ ቱቦም ይህንኑ ያደርጋል፤ ፈሳሽ የሞላበት የአንድ ሜትር ቱቦ ንጣፉን በአንድ አሥረኛ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ወደ ታች ይስበዋል። ቱቦውን አሳጥሩት፤ ዕቃዎቹን አቀራርቡ።

ስለዚህ ድፍድፉን ካማሰላችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፣ ንጣፉ ይርጋ። ቫልቩን ሩብ ያህል ብቻ ክፈቱ። መጀመሪያ የሚወርደው ሁለት ሦስት ሊትር ደብዛዛ ነው፤ ንጣፉን እንዳይበሳው ሰሃን ላይ እያሳረፋችሁ መልሱት። ሲጠራ ወደ መቀቀያው ድስት ልቀቁት፤ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር የማይበልጥ ይሁን። ማጠቢያውን ያለማቋረጥ የምታፈስሱ ከሆነ ውኃው ከእህሉ በላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆይ። እኔ ግን ለጠባብ ማድ ቤት ሌላውን ዘዴ እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ዎርት ጨርሶ ማውረድ፣ ሙቁን ውኃ በአንድ ጊዜ ጨምሮ ማማሰል፣ አሳርፎ እንደ ገና ማውረድ። ንጣፉ በመካከል ስለሚፈታ ይቅር ባይ ነው።

ስለ ወለሉ ብዙ አልልም። ምንአለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከማይዝግ ብረት ዝርግ ቆርጠው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሱላችኋል። ጠርዙ ከዕቃው ጋር መግጠም አለበት፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ግን ለዚህ አይሆንም፣ ዎርት አሲድነት ስላለው ዚንኩን ያሟሟዋል። ለጀማሪ ግን ከስስ ፖሊስተር መጋረጃ የተሰፋ ከረጢት ዕቃው ውስጥ ማልበስ ከሁሉም ርካሽና አስተማማኝ ነው። እሳት ላይ ሳለ ከድስቱ ግድግዳ እንዳይነካ ብቻ ጠንቀቁ።

ከተዘጋ በኋላ

መጀመሪያ እውነት ተዘግቶ እንደ ሆነ እዩ። የእህሉ ላይ ደርቆ ፍሰቱ ከቆመ አልተዘጋም፤ አልቋል፣ ውኃ ጨምሩ። ፈሳሽ ከላይ ቆሞ ከታች ከሌለ ቫልቩን ዝጉና ለጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ ግፊቱ ሲላላ ንጣፉ ትንሽ ይነሣል፣ በቀስታ ስትከፍቱት አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ ቱቦውን ንቀሉና ጤፍ ወይም ዱቄት እንዳልደፈነው አረጋግጡ። ቀጥሎ በዚያው በቫልቩ በኩል አንድ ሁለት ሊትር ሙቅ ውኃ ከታች ወደ ላይ ላኩ፤ ቱቦውን ከዕቃው ከፍታ በላይ አንሥቶ በማፍሰሻ መጨመር ነው። ከሥር የሚመጣው ውኃ ንጣፉን ያነሣዋል። በአፍ መንፋትን አልመክርም፤ 76 ዲግሪ ያለው ስኳራማ ፈሳሽ ፊት ላይ ቢረጭ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል።

ያም ካልሠራ ረጅም ቢላዋ ወስዳችሁ ንጣፉን በመስቀለኛ ሰንጥቁት፤ ወለሉን ሳትነኩ፣ ከሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ አቁሙ። የትልልቅ ፋብሪካዎች ማጥለያ ጋኖች ውስጥ የሚዞሩት ቢላዋዎች ሥራ ይኸው ነው። ከዚያ የሚቀረው ሙቅ ውኃና ያላችሁን የሩዝ ገለባ ጨምሮ ሁሉንም ከሥር ጀምሮ ማማሰልና ከማሳረፍ እንደ ገና መጀመር ነው።

እሱም እምቢ ካለ ድፍድፉን በዋንጫ እየቀዳችሁ ወደ ታጠበ የመጋረጃ ከረጢት ገልብጡትና ድስቱ ላይ ሰቅላችሁ አንጠፍጥፉት። ዎርቱ ደብዛዛ ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ተቀቅሎ ሲቀዘቅዝ ግን አብዛኛው ዝቃጭ ከድስቱ ሥር ይቀራል፤ የጠራውን ብቻ ወደ መብላሊያው ዕቃ ትቀዳላችሁ። ወለሉንና ቫልቩን በዚያው ትኩሳቱ እጠቡ፤ የደረቀ ድፍድፍ ቀዳዳውን ስለሚይዝ ለሚቀጥለው ጥመቃ ችግሩን ከአሁኑ ያስቀምጣል።